ሳቢያን ሲመሽ

ቁሉቢን አልፎ ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የመኪናው ሰው ጠባይ ይለወጣል። ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ያንቀላፋ የነበረው መንገደኛ ይነቃል፤ ጋቢው ይወርዳል፣ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። በየጥምዝምዙ አየሩ ይሞቃል። የሐረርጌ ደጋ ከነማሽላውና ከነጫቱ ወደ ኋላ ይቀርና ከታች አቧራ የለበሰ ሜዳ ይዘረጋል። ሜዳውን ለሁለት የሚከፍል ነጣ ያለ የአሸዋ መስመር ይታያል። ደቻቱ ነው። ዝናብ ካልጣለ ውሃ አይወርድበትም። ይህ ደረቅ አሸዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው መውሰዱን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ዓይኑን ቶሎ አይነቅልበትም።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡር ዳገት ስለማይወድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ወጪው አልተቻለም። ስለዚህ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ። አዲስ አበባ እስኪገባ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። በቆመበት ቦታ ከተማ በቀለ፤ አዲስ ሐረርም ይሉት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገራችን የገባ አዲስ ነገር ብዙው መጀመሪያ የረገጠው የዚህችን ከተማ አሸዋ ነው። ሲኒማን ፍለጋ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ያረፍኩት ሳቢያን፣ እትዬ በምላቸው በጓደኛዬ እናት ቤት ነው። ሳቢያን ለአሮጌዋ ድሬዳዋ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከዚራ ፈረንሳዮች በማስመሪያ የሠመሩት የባቡር ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የተደረደረ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ገበያውና ጠባብ መንገዱ እንደፈቀደ የሚጠማዘዝ ነው። ሳቢያን ከሁለቱም ኋላ መጣ። ቦታው ሰፋ ያለ፣ ግቢው በኒም ዛፍና በወረቀት አበባ የተከበበ፣ ባጃጁ የሚበዛበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። ታሪክ ፈላጊ እዚህ አያርፍም፤ ከዚራ ነው የሚያድረው። እኔ ግን ስለ ከዚራ የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት ሳቢያን ተቀምጬ ነው። የከዚራ ትዝታ ያላቸው ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ቤት የሠሩት፣ ልጆቻቸው ሲያገቡ የተከተሏቸው ወደዚህ ነውና።

ለአዲስ አበባ ሰው ድሬዳዋን ለመልመድ አስቸጋሪው ነገር ሙቀቱ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ከቀትር ጀምሮ የሱቁ በር ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። የደጋ ሰው ይህን ሲያይ ስንፍና ነው ይላል፤ ሲባል ሰምቻለሁ፣ በጽሑፍም አንብቤያለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ከተማዋ በማለዳ ትነሣለች፤ በእኛ ሰፈር ገና ፊት በሚታጠብበት ሰዓት እዚህ ፈቲራው በመጥበሻው ላይ ተዘርግቶ ማርና እንቁላል ፈሶበታል፣ የግመል ወተቱ ተሸጧል፣ የቀፊራ ገበያ ተሟሙቋል። ቀትር ላይ ምሳ ተበልቶ፣ የጫት በርጫው ተዘርግቶ ወሬ ይያዛል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በሮች እንደገና ይከፈታሉ፤ ሰው ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። ድሬዳዋ በቀን ሁለት ጊዜ የምትነጋ ከተማ ናት። ሁለተኛው ንጋት ምሽት ነው፤ ሲኒማውም የምሽቱ ነበር።

«እኛ ሴቶቹ ብቻችንን አንሄድም» አሉኝ እትዬ፣ ቡናውን እየቀዱ። «ወንድም ይያዛል። ወንድም ባይኖር የጎረቤት ወንድም ይለመናል። እሱ ደግሞ በነፃ አይሄድም፤ የእሱም ትኬት በእኛ ላይ ነው።»

«የምን ፊልም ነበር የሚያዩት?»

«የህንድ ነዋ! ሌላማ ምን ያስለቅሳል?»

የጎረቤታቸው አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ድርጅቱ ያሳለፉ ሰው፣ ፈገግ አሉ። እሳቸው የህንዱ ወገን አይደሉም። የወደዱት በፈረስ የሚጋልበውን፣ በሽጉጥ የሚታኮሰውን ነው። «አክተሩ አይሞትም» አሉኝ፤ «ይህን አውቀህ ነው የምትገባው። ግን እንዴት እንደማይሞት ለማየት ትከፍላለህ፣ አቦ!» ሲኒማው እንደ ባቡሩ ማዕረግ ነበረው ይላሉ፤ የባቡር ሹማምንቱ፣ ግሪኮቹና አርመኖቹ ነጋዴዎች ወደ ኋላና ወደ ላይ፣ ተራው ሕዝብ ደግሞ ከፊት፣ ከሸራው ሥር። ከፊት የተቀመጠ አንገቱን ሰቅሎ ነው የሚያየው፤ ሲወጣ አንገቱን እያሸ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይገባል፤ የፊልሙ ጥቅል ሲቀየር መብራት በርቶ በጉዳዩ ላይ ውይይት ይደረጋል። ወለሉ የኦቾሎኒ ገለባ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ከዚራ ወረድን። የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊቱ ሰፊ ነው፤ በግንባሩ ላይ ፈረንሳይኛው አሁንም ይነበባል። ከጣቢያው የሚነሡት ጎዳናዎች ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፤ ዛፎቹ ከሁለት ወገን ተያይዘው ጥላ ይሠራሉ፤ የሕንፃዎቹ የመስኮት መዝጊያ እንጨት ነው፣ በረንዳቸው ሰፊ። አዛውንቱ በከዘራቸው ጫፍ አንድ ጥግ አመለከቱኝ። «እዚህ ጋ ነው የምንሰለፈው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገሩም። የሱቅ በሮች፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ልጅ፣ ሻይ። ቆሜ ሳይ ሕንፃው የነገረኝ ነገር የለም። የሲኒማ ቤት ትዝታ ከሌላ ሕንፃ ትዝታ የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ቤተ መንግሥት ቢፈርስ ግንቡን አስበን እናዝናለን፣ ሲኒማ ውስጥ ግን ግንቡን ያየ ማን አለ? መብራት ጠፍቶ ነው የተቀመጥነው።

ጣቢያው ፊት ቆሜ ያሰብኩት የቀን ነገር ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች የመጀመሪያውን ፊልም ያሳዩት ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ጦርነት በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ሆነ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው ከፓሪሱ ማታ ሰባት ዓመት በኋላ፣ እንደገና በታኅሣሥ ነው። ከሉሚየሮቹ ሥራዎች እጅግ የታወቀው ደግሞ አንድ ባቡር ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየው ነው። ሰዎቹ ባቡሩ ከሸራው ወጥቶ የሚጨፈልቃቸው መስሏቸው ተነሥተው ሸሹ ይባላል። እኔ አላምነውም፤ ፓሪስ ባቡር አይታ ታውቃለች። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ከፊልሙ በፊት እውነተኛውን ነው ያየው። በዚህ ከተማ ባቡር ቀድሞ መጣ፤ ሥዕሉን ተሸክሞ የመጣውም እሱ ነው። የማሳያ መሣሪያውም፣ የፊልሙ ጥቅልም፣ ትኬት ገዝቶ የሚቀመጠው ደመወዝተኛም በሐዲዱ ነው የገቡት። ከዚራ ያለ ባቡር ሲኒማ ሊኖራት አይችልም ነበር።

ሸገር የሲኒማን መምጣት ትንሽ ለየት አድርጋ አልፋበታለች። ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከታየ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሕዝብ የተከፈተውን ሲኒማ አዲስ አበቤው የሰይጣን ቤት አለው። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ነበር። ጨለማ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ሲራመድ ካየህ ሌላ ምን ትለዋለህ? ኢጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር በፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት እጅ አልቆ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሆነ፤ የተከፈተውም በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ነበሯት። መርካቶ ደግሞ ሲኒማ ራስ። ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም ቤት ነበር፤ በኋላ ራስ ቴአትር ሆነ፣ አሮጌው ሕንፃም ፈርሷል። የመርካቶ ሰው «ራስ» ሲል ዛሬም መቀጣጠሪያ ቦታ ማለቱ ነው። በአዲስ አበባ የሲኒማ ቤት ከሞተ በኋላ ቢያንስ ፌርማታ ሆኖ ይቀራል። ከዚራ ግን ጠባብ ናት፤ ፌርማታ አያስፈልጋትም። ስለዚህ የእሷ ሲኒማ በስምም አልተረፈም፣ በሰው ብቻ ነው ያለው።

ወደ ሳቢያን ስንመለስ አዛውንቱን ሲያስጨንቀኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ህንድኛውን እንዴት ትሰሙት ነበር?

«ማን ሰማው? ማንም አይሰማም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ መካከል ይቀመጣል። እሱ ይነግረናል። አንዳንዴ ይዋሻል። ግን ዋሽቶ ካሳመረው ምን አገባህ?»

ይህ መልስ ሌሊቱን ሲያመላልሰኝ አደረ። የዚያን ዘመን ድሬዳዋ አስቡ። አንዱ መንገድ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ዓረብኛ፤ ቢሮ ውስጥ ፈረንሳይኛ፤ ሱቅ ውስጥ ግሪክኛና አርመንኛ። በዚህ ከተማ ቋንቋ ሥልጣን ነበረው፤ ፈረንሳይኛ የቻለ ባቡር ድርጅት ይቀጠራል፣ አማርኛ የቻለ ለዳኛ ይናገራል። ሸራው ላይ ግን የማንም ያልሆነ ቋንቋ ይነገር ነበር። እናት ልጇን ስትቀብር የኢሳ ልጅም፣ የአደሬ ልጅም፣ የጎንደሬው የባቡር ዘበኛ ልጅም እኩል አልገባቸውም፤ እኩልም አለቀሱ። ማንም ለማንም አስተርጓሚ ሆኖ የበላይ አልሆነም፤ ከዚያ ከዋሾው ልጅ በቀር። ድሬዳዋ «የፍቅር ከተማ» ስትባል ሰዎች የሚጠቅሱት መጋላን፣ ጉርብትናውን፣ ሠርጉን ነው። እኔ በበኩሌ የከዚራን የፊት ወንበር አስቀድማለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ተቃራኒውንም መናገር ግድ ነው። የማንም ቋንቋ ሸራ ላይ አለመኖሩ እኩልነት ነው ብሎ የሚረካ ሰው ከላይ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። በ1950ዎቹ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ህንድኛ ሰምቶ ሲወጣ፣ በዚህችው ከተማ የተወለደው አሊ ቢራና የአፈረን ቀሎ ጓደኞቹ በኦሮምኛ ለመዝፈን መድረካቸው የሠርግ ቤት ነበር። ኦሮምኛ ከአደባባይ መድረክ በራቀበት ዘመን ሠርግ ደግሞ ሊከለከል አይችልም። ከተማዋ ሩቅ አገር ላይ ለሚዘፈን ዘፈን ትኬት ትገዛለች፤ የራሷ ድምፅ ግን ዳስ ውስጥ ነው የሚሰማው። ሁለቱ የሚራራቁት በእግር የሚደረስ ያህል ብቻ ነው።

የራሳችን ፊልም ሲመጣም በግሪክ እጅ መጣ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ አዘጋጁ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የደም ካሣን ወግ ያነሣው «ጉማ» የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ነው፤ እሱም የግሪክ ተወላጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ሲሰማ እንግዳ ይመስላል። ከዚራ ላይ ሆኖ ሲሰማ ግን እንግዳነቱ ይጠፋል። ዳቦ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ጋራዡ የግሪክና የአርመን በነበረበት ከተማ ካሜራውም የእነሱ መሆኑ ማንን ያስገርማል? እነዚያ ሰዎች ሄደዋል። ከተማዋ ውስጥ ግሪክ ካምፕ የሚባል ሰፈር ቀርቷል፣ የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ቀርቷል።

ሲኒማው እንዴት ሞተ ብዬ የጠየቅኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቪዲዮ ገደለው»። እትዬም እንዲሁ አሉ፣ ልጃቸውም እንዲሁ። እውነት አለው፤ ግን ቪዲዮ የመጣው ቀባሪ ሆኖ ነው እንጂ ገዳይ ሆኖ አይመስለኝም። የሲኒማ ገበያ ምሽት ነው ብያለሁ። ቀን ቆርቆሮ ሥር ማን ይቀመጣል? አዲስ አበባ ላይ የከሰዓት ፊልም ይታያል፤ እዚህ የከሰዓት ፊልም ማለት ምድጃ ውስጥ መግባት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የሕንፃ ባለቤቶችና የውጭ ነጋዴዎች መሄድ ጀመሩ። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ ደጃፍ መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ሰዓት እላፊ ነው። ሰዓት እላፊ አዲስ አበባን አንድ ፊልም ቀነሰባት፤ ድሬዳዋን ግን ምሽቷን ነው የወሰደባት። ፀሐይ ስትበርድ የሚነጋላት ከተማ ፀሐይ ስትበርድ ቤቷ እንድትገባ ታዘዘች። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «የምሽቱን ባቡር ፉጨት ከአልጋ ላይ ነበር የምንሰማው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የቪዲዮ ዴኩ የመጣው። እሱም በባቡር። ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የሚገባው ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ስለሆነ ድሬዳዋ ከሌላው ከተማ ቀድማ ሳሎኗ ውስጥ ፊልም አየች። ሰፈር ለሰፈር ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ ሳንቲም ከፍሎ አግዳሚ ላይ መቀመጥ። እስከ ዛሬ ያለው፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ያ ንግድ የተከለው ነው። ሲኒማውን ያመጣው ሐዲድ ምትኩንም አመጣ። ሐዲዱም ራሱ አልቆየም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው፤ መንገደኛው ከዚራን ሳያይ መጥቶ ከዚራን ሳያይ መሄድ ይችላል።

የመጨረሻው ማታዬ ቅዳሜ ነበር። ሳቢያን ውስጥ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። ኒሙ ሥር ወንበር ወጥቷል፤ ሴቶቹ ባጊያ ይጠብሳሉ፣ ሳምቡሳ ይሸጣል፣ ሕፃናት ከቧንቧ ውሃ ጋር ይጫወታሉ። እትዬ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ በርቶ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ይናገራል። «አሁንማ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነ» አሉኝ፤ እንባቸውን ግን አላየሁም። አስተርጓሚው ልጅ አያስፈልግም፤ ዋሽቶ የሚያሳምር የለም። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ያያል፤ ልጃቸው በስልኩ ሌላ ያያል፣ የልጅ ልጃቸው ሌላ።

ጓደኛዬ «ና ላሳይህ» ብሎ ጥግ ላይ ወዳለች የኳስ ማሳያ ቤት ወሰደኝ። በሩ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ወጣት አለ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሙቀቱ እንፋሎት ነው። አግዳሚው ሞልቶ ከፊት ያሉት አንገታቸውን ሰቅለው ያያሉ። የእንግሊዝ ክለቦች ይጫወታሉ። አስተያየት ሰጪው በእንግሊዝኛ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም፤ መካከል ላይ አንድ ልጅ ተቀምጦ ስለ ተጫዋቾቹ ደመወዝና ጠብ ለሁሉም ይናገራል፤ ግማሹ ውሸት ይመስለኛል። በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ጎል ሲገባ ሶማሊኛ ነው። ሰዎቹ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እዚያ ላይ የጥንቱ ሲኒማ ይሻል ነበር፤ ወንድም ለምናም ቢሆን ሴት ትገባ ነበር። ሌላው ሌላው ግን ከዚራ ነው፤ ቦታውን ቀይሮ ሳቢያን ገብቷል።

ስለዚህ ሲኒማው ሙሉ በሙሉ ጠፋ ከሚሉት ጋር አልስማማም። የጠፋው መዝገቡ ነው። በየትኛው ሕንፃ ማን ምን እንዳሳየ፣ ትኬቱ ስንት እንደነበር፣ የማሳያ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደ ሠራ የሚናገሩ ሰዎች ዛሬ ሳቢያን፣ ከዚራና መጋላ ውስጥ በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያው ርዕስ ሲያጣ አያለሁ። መቅረጫ ይዞ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሲዘረጋ፣ አንድ ሁለት ግቢ ቢያንኳኳ ይበቃዋል። የድሬ ልጆችም ብትሆኑ፣ እዚህም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ በአባታችሁ ሣጥን ውስጥ ከጣቢያው ፊት ወይም ከሲኒማው በር ላይ የተነሣ ፎቶ ካለ፣ ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም ጻፉበትና ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ስም የሚያውቁት ሰዎች ሳሉ ይሁን።